ታይም ኢንተርሊቭድ ኤዲሲን ካሊብሬት ማድረግ፦ ስፐሩ አልወርድ ላላችሁ ደረጃ በደረጃ

አራት ኤዲሲ (አናሎግ ሲግናልን ወደ ቁጥር የሚቀይር መሣሪያ) በተራ ታሠራላችሁ፤ ታይም ኢንተርሊቭድ የሚባለው ይህ ነው። ዳታውን ሰብስባችሁ ኤፍኤፍቲ (ዳታውን በፍሪኩዌንሲ የሚዘረዝር ስሌት) ስትሠሩ፣ ካስገባችሁት አንድ ሳይን ሞገድ ጎን ያላስገባችኋቸው መስመሮች ተደርድረው ይወጣሉ። እነዚህን ትርፍ መስመሮች ስፐር እንላቸዋለን። ማስተካከያ ኮድ ትጽፋላችሁ፤ ስፐሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ወይም ጭራሽ ከፍ ይላል። ፍሪኩዌንሲ ስትቀይሩ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይበላሻል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው። ከሒሳቡ ይልቅ የሚያሳስተው ቅደም ተከተሉ ነው። ጌይንን (የቻናሉን ማጉላት) በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ለክቶ፣ የጊዜ መዛነፍን (ሳምፕል የሚወሰድበት ቅጽበት መሳሳትን) በዝቅተኛው ፈልጎ፣ ሁሉንም ባንዴ ለማረም መሞከር አያዋጣም። ስለዚህ እዚህ አንዱን ስህተት ከሌላው እየለየን እንሄዳለን። አንዱን ደረጃ ሳታረጋግጡ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ከላይ እስከ ታች የምንሠራው በአንድ ምሳሌ ነው። 4 ቻናል፣ በድምሩ በሰከንድ 4 ጊጋ ሳምፕል፣ 12 ቢት። እያንዳንዱ ቻናል በሰከንድ 1 ጊጋ ሳምፕል ይወስዳል። በሁለት ተከታታይ ሳምፕሎች መካከል 250 ፒኮሰከንድ አለ። ቻናሎቹን 0፣ 1፣ 2፣ 3 እንላቸዋለን። የእናንተ ቁጥሮች ቢለዩም አካሄዱ ያው ነው።

## መጀመሪያ ስህተቱን በዓይን ለዩ

ኦፍሴት (ሲግናል ሳይኖርም የሚታየው የዜሮ መዛነፍ) ከቻናል ቻናል ሲለያይ ስፐሩ በሳምፕል ፍጥነቱ ሩብ ብዜቶች ላይ ይወጣል። በእኛ ምሳሌ 1000 እና 2000 ሜጋኸርዝ ላይ ማለት ነው። ሲግናሉን ብታጠፉትም አይጠፋም።

ጌይንና የጊዜ መዛነፍ ግን አንድ ቦታ ላይ ነው የሚወጡት። ሁለቱም ሲግናሉን ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ፤ የሲግናሉን መጠን ስትቀንሱም አብረው ይቀንሳሉ። የሚያምታታው ይሄ ነው። ለመለየት የሲግናሉን ፍሪኩዌንሲ በአሥር እጥፍ ዝቅ አድርጉት። ስፐሩ ከሲግናሉ አንጻር 20 ዲቢ (በከፍታ አሥር እጥፍ) ያህል ከወረደ ጥፋቱ የጊዜ ነው። ካልተነቃነቀ የጌይን ነው። መሐል ላይ ከቆመ ሁለቱም አሉ።

አራተኛው የባንድዊድዝ (ቻናሉ ብዙ ሳያዳክም የሚያሳልፈው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ልዩነት ነው። እሱ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ጌይንም ጊዜም መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ የምንነካው።

## ዝግጅት

ብዙ ጊዜ የሚባክነው ዝግጅቱን ችላ ብሎ በኋላ ኮድ ውስጥ ስህተት ሲፈለግ ነው። እባካችሁ እዚህ ጋ አትቸኩሉ።

የሲግናል ምንጭ። ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚያወጣ ጄኔሬተር ያዙ። ከጄኔሬተሩና ከኤዲሲው መሐል ለምትጠቀሙበት ፍሪኩዌንሲ የሚሆን ባንድፓስ ፊልተር አስገቡ። የጄኔሬተሩ ሃርሞኒክ (በፍሪኩዌንሲው ብዜቶች ላይ የሚወጣ ትርፍ ሞገድ) ኤዲሲው የፈጠረው መስሎ እንዳያታልላችሁ ነው።

ማሰር። የጄኔሬተሩንና የሳምፕሊንግ ክሎኩን በአንድ 10 ሜጋኸርዝ ሪፈረንስ እሰሩ። ኬብሉን መሰካት ብቻ አይበቃም። ሁለቱም መሣሪያዎች ውጫዊውን ሪፈረንስ እንዲከተሉ በሜኑ ምረጡ፤ መያዛቸውን የሚያሳየውን ምልክትም እዩ።

የፍሪኩዌንሲ ምርጫ። የሁሉ ነገር መሠረት ይህ ነው። 16384 ሳምፕል ሰብስቡ። አንዱ የኤፍኤፍቲ ቢን (የውጤቱ አንድ የፍሪኩዌንሲ ክፍል) 4000 ÷ 16384 = 0.244140625 ሜጋኸርዝ ይሆናል። የምታስገቡት ሞገድ በዚህ የዳታ ርዝመት ውስጥ በትክክል ሙሉ ዑደት መጨረስ አለበት። የዑደቱ ቁጥር ደግሞ ጎዶሎ ይሁን። እኛ ሦስት ቁጥር እንመርጣለን፦

- ዝቅተኛ፦ 401 ዑደት፣ 97.900390625 ሜጋኸርዝ
- መካከለኛ፦ 3001 ዑደት፣ 732.666015625 ሜጋኸርዝ
- ከፍተኛ፦ 6007 ዑደት፣ 1466.552734375 ሜጋኸርዝ

ጎዶሎነቱ ለጌጥ አይደለም። የሳምፕሉ ብዛት የ2 ርቢ ሆኖ ዑደቱ ጎዶሎ ሲሆን፣ የሲግናሉ ሃርሞኒክ ስፐሩ ያለበት ቢን ላይ የሚያርፈው ከ4095ኛው ጀምሮ ነው። ስለዚህ ስፐርና ሃርሞኒክ አይደባለቁባችሁም። ሙሉ ቁጥር መርጣችሁ ለምሳሌ 1000 ሜጋኸርዝ ብታስገቡ ግን ዑደቱ 4096 ይሆናል። ያኔ እያንዳንዱ ቻናል ሁልጊዜ የሞገዱን አንድ ነጥብ ብቻ ያያል፤ ኦፍሴቱን ከሲግናሉ መለየት አይቻልም። ዑደቱ የ2048 ብዜት እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

የነጥቡ ቁጥር መርዘሙ አያስጨንቃችሁ። አንድ ስብሰባ የሚፈጀው 4.096 ማይክሮሰከንድ ነው። ጄኔሬተሩ ላይ እስከ 1 ኸርዝ ድረስ ካስገባችሁ ከበቂ በላይ ነው።

የሲግናል መጠን። ከሙሉ ስፋቱ 1 ዲቢ ዝቅ አድርጉ። በ12 ቢት የሞገዱ ከፍታ 1825 ኮድ አካባቢ ይሆናል። ዳታውን እዩ፤ 0 ወይም 4095 አንዴም ቢሆን ከታየ ሲግናሉ ተቆርጧል፣ መጠኑን ቀንሱ። የተቆረጠ ሞገድ ጌይኑን ያሳስታል።

ሙቀት። ቦርዱን አብሩና ተዉት። በየጥቂት ደቂቃው የቻናሎቹን አማካይ መዝግቡ። ቁጥሩ መንሸራተቱን ሲያቆም ጀምሩ።

የመጀመሪያው ሳምፕል። የዳታው ሳምፕል ቁጥር 0 ሁልጊዜ ከቻናል 0 መምጣት አለበት። የክሎክ ዲቫይደሩ ቦርዱ በበራ ቁጥር ከተለያየ ቦታ የሚነሳ ከሆነ፣ ሪሴቱን ከሲንክ ሲግናሉ ጋር እሰሩ። ይህ ካልተረጋገጠ የቻናል 1 ማስተካከያ ነገ ቻናል 2 ላይ ይጫናል። በዚህ ምክንያት ትክክለኛ የሆነ ኮዴን ደጋግሜ ያፈረስኩበት ጊዜ ነበር። አሁን ሌላ ነገር ከመንካቴ በፊት ቦርዱን አምስት ጊዜ አጥፍቼ እያበራሁ የቻናሎቹን ኦፍሴት አወዳድራለሁ። ቅደም ተከተሉ ከተቀያየረ መነሻው አልታሰረም ማለት ነው።

## ደረጃ 1፦ ያልተነካውን ውጤት መዝግቡ

1. ማንኛውንም ካሊብሬሽን አጥፉ፤ የቺፑ የራሱ ካለም አጥፉት።
2. በሦስቱም ፍሪኩዌንሲ ዳታ ሰብስቡ።
3. የየስፐሩን ከፍታ በቢኑ ቁጥር መዝግቡ። ለ401 ዑደት ቢኖቹ 3695፣ 4497 እና 7791 ናቸው። ለ6007 ዑደት 1911፣ 2185 እና 6281። የኦፍሴት ቢኖች ሁልጊዜ 4096 እና 8192 ናቸው።
4. ግባችሁን ጻፉ።

ግብ ስትጽፉ ቁጥሩ ምን እንደሚጠይቅ እወቁ። የስፐሮቹ ድምር በ1466 ሜጋኸርዝ ከሲግናሉ 70 ዲቢ እንዲያንስ ከፈለጋችሁ፣ የቻናሎቹ የጊዜ መዛነፍ አርኤምኤሱ (የስኩዌሮቹ አማካይ ስኩዌር ሩት) ከ34 ፌምቶሰከንድ፣ የጌይን ልዩነቱ ደግሞ ከ0.03 በመቶ ማነስ አለበት። ያውም ስህተቱ አንዱ ብቻ ሲሆን ነው፤ ሁለቱም ካሉ ለእያንዳንዱ የሚተርፈው ድርሻ ከዚህ ይጠባል። 1 ፒኮሰከንድ መዛነፍ ብቻውን ስፐሩን −41 ዲቢ አካባቢ ያስቀምጠዋል።

ሲበላሽ፦ ሲግናሉ አንድ ቢን ላይ መቀመጡን ትቶ ወደ ጎን ከተንሰራፋ ሪፈረንሱ አልታሰረም፣ ወይም ፍሪኩዌንሲው ተሳስቶ ገብቷል። ዊንዶ በማድረግ (የዳታውን ጫፎች በማለዘብ) ለመሸፈን አትሞክሩ። ተመለሱና ማሰሩን አስተካክሉ። መሣሪያችሁ ጭራሽ የማይታሰር ከሆነ፣ ፍሪኩዌንሲውንም አብሮ የሚፈልገውን ባለ አራት መለኪያ ሳይን ፊት (ለዳታው የሚስማማውን ሳይን ሞገድ የሚፈልግ ስሌት) ተጠቀሙ፤ አይትሪፕልኢ 1241 የተባለው መመዘኛ ይገልጸዋል።

## ደረጃ 2፦ ኦፍሴት

1. የ97.9 ሜጋኸርዙን ዳታ ውሰዱ።
2. ሳምፕሎቹን በአራት ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ቻናል 4096 ሳምፕል ይደርሰዋል።
3. የእያንዳንዱን ቻናል አማካይ አስሉ።
4. ከአራቱ አማካዮች የጋራ አማካያቸውን ቀንሱ።
5. የቀረውን ከየቻናሉ ሳምፕል ላይ ቀንሱ።

ለምሳሌ የቀረው +3.2፣ −1.5፣ +0.4 እና −2.1 ኤልኤስቢ (የኤዲሲው ትንሹ እርከን፣ አንድ ኮድ) ነው እንበል። አርኤምኤሱ 2.07 ኤልኤስቢ ይሆናል። ከሙሉ ስፋት ሳይን ሞገድ አንጻር −57 ዲቢ ገደማ ማለት ነው። ትንሽ የሚመስል ቁጥር ነው፤ ለ70 ዲቢ ግብ ግን ብቻውን ይበቃል ሥራውን ለማበላሸት።

ማስጠንቀቂያ፦ 0.4 ኤልኤስቢን በሙሉ ቁጥር ሒሳብ መቀነስ አይቻልም። ከ12 ቢቱ በታች ቢያንስ 4 የክፍልፋይ ቢት ያዙ፤ ማጠጋጋቱን መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ አድርጉት።

ሲበላሽ፦ 4096 እና 8192 ቢን ላይ ያለው ጠፍቶ 2048 እና 6144 ላይ አዲስ መስመር ከቀረ፣ እያንዳንዱ ቻናል ራሱ በውስጡ ሁለት ሆኖ በተራ ይሠራ እንደሆነ ጠርጥሩ። ያኔ ቻናላችሁ 8 ነው ብላችሁ ከዚህ ደረጃ እንደገና ጀምሩ። ፍሪኩዌንሲውም ከአዲሱ ቁጥር ጋር መስማማቱን ተመልከቱ፤ ዑደቱ የ1024 ብዜት አይሁን።

## ደረጃ 3፦ ጌይን

ጌይንን በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ብቻ ለኩ። በከፍተኛው ብትለኩ የባንድዊድዝ ልዩነቱን ጌይን ውስጥ ትቀላቅሉታላችሁ። ከዚያ ዝቅተኛው ይበላሻል፤ እሱን ስታስተካክሉ ከፍተኛው። መውጫ የሌለው ዙሪያ ጥምጥም ነው።

1. ኦፍሴቱ የታረመበትን ዳታ ውሰዱ።
2. እያንዳንዱን የቻናሉን ሳምፕል በኮሳይን(2 × ፓይ × 401 × ቁ ÷ 16384) አባዙት። ቁ የሳምፕሉ ቁጥር ነው። ሁሉንም ደምሩና በ2048 አካፍሉ። ውጤቱን ሀ በሉት።
3. ያንኑ በሳይን ድገሙት። ውጤቱን ለ በሉት።
4. የቻናሉ ከፍታ የ(ሀ² + ለ²) ስኩዌር ሩት ነው።
5. የአራቱን ከፍታ አማካይ ለእያንዳንዱ ቻናል ከፍታ አካፍሉ። የሚወጣው የቻናሉ ማባዣ ነው።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ ቁ ከ0 እስከ 16383 የሚሄደው የጠቅላላው ዳታ ቁጥር ነው። ቻናል 2 ላይ 2፣ 6፣ 10፣ 14 እያለ ይሄዳል። በቻናሉ ውስጥ ያለውን 0፣ 1፣ 2፣ 3 አትጠቀሙ። በዚህ ቀመር ከፍታው ይሳሳታል፤ የሚቀጥለው ደረጃ ላይም ፌዙ (ሞገዱ በዑደቱ ውስጥ ያለበት ቦታ፣ በዲግሪ) ሁሉ ይፈርሳል።

ምሳሌ፦ ከፍታዎቹ 1824፣ 1838፣ 1811 እና 1827 ቢሆኑ አማካያቸው 1825 ነው። ማባዣዎቹ 1.000548፣ 0.992927፣ 1.007730 እና 0.998905 ይሆናሉ። ይህ ልዩነት ሳይታረም ሲቀር የስፐሮቹ ድምር −45.6 ዲቢ አካባቢ ነበር።

ማጣቀሻ አድርጎ ቻናል 0ን መያዝም ይቻላል። እኔ ግን አማካዩን እመርጣለሁ። አንድ ቻናል ከሌሎቹ የራቀ ከሆነና እሱኑ ማጣቀሻ ካደረጋችሁት፣ ደህና የነበሩት ሦስቱ ወደ እሱ ይጎተታሉ።

የሚደረገው ቀድሞ መቀነስ፣ ቀጥሎ ማባዛት ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ኦፍሴቱም በማባዣው ይዛባል። ከ1 የሚበልጥ ማባዣ ያለው ቻናል ከ12 ቢት ሊያልፍ ስለሚችል ከላይም አንድ ቢት ጨምሩለት።

አሁን ዳታውን እንደገና ሰብስቡ። 3695፣ 4497 እና 7791 ቢኖች ላይ ያለው በደንብ መውረድ አለበት። ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ የጊዜው ስህተት በ97.9 ሜጋኸርዝም ቢሆን ትንሽ አሻራ አለው።

## ደረጃ 4፦ የጊዜ መዛነፍን መለካት

1. ጄኔሬተሩን ወደ 1466.552734375 ሜጋኸርዝ አዙሩ። ፊልተሩንም መቀየር አትርሱ።
2. ኦፍሴትና ጌይን የታረመበትን ዳታ ሰብስቡ።
3. ሀ እና ለን እንደ ቀድሞው አስሉ፤ በ401 ቦታ 6007 አስገቡ።
4. የየቻናሉን ፌዝ ከለ እና ከሀ አውጡ። ሁለት ቁጥር የሚቀበለውን የአርክታንጀንት ፈንክሽን ተጠቀሙ፤ አንድ ቁጥር የሚቀበለው ምልክቱን ያጠፋዋል።
5. ከእያንዳንዱ ፌዝ ላይ የአራቱን አማካይ ቀንሱ።
6. የቻናሉ መዘግየት = −(የፌዝ ልዩነት በዲግሪ) ÷ (360 × ፍሪኩዌንሲ)።

በዚህ ፍሪኩዌንሲ 1 ዲግሪ ማለት 1.894 ፒኮሰከንድ ነው። ልዩነቶቹ +0.42፣ −0.95፣ +0.80 እና −0.27 ዲግሪ ከሆኑ፣ መዘግየቶቹ −0.80፣ +1.80፣ −1.52 እና +0.51 ፒኮሰከንድ ናቸው። ፕላስ ማለት ቻናሉ ዘግይቶ ሳምፕል ይወስዳል ማለት ነው። ምልክቱን በወረቀት ላይ ጻፉት። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሲግናላችሁ ከ2000 ሜጋኸርዝ በላይ ከሆነ፣ ስሌቱ ውስጥ የምታስገቡት እውነተኛውን የዑደት ቁጥር ይሁን። ኤፍኤፍቲው ላይ ታጥፎ የሚታየውን ቢን ካስገባችሁ የመዘግየቱ ምልክት ይገለበጣል።

ስንት ጊዜ ልለካ? የሲግናል ለኖይዝ ጥምርታው 55 ዲቢ ከሆነ፣ በ4096 ሳምፕል የአንድ ቻናል የጊዜ ግምት ወደ 3 ፌምቶሰከንድ ይወዛወዛል። 16 ጊዜ ብትለኩና አማካዩን ብትወስዱ ከ1 ፌምቶሰከንድ በታች ይወርዳል። አማካይ ስታወጡ ግን የፌዝ ልዩነቶቹን እንጂ ፌዞቹን እንዳሉ አትደምሩ። እያንዳንዱ ስብሰባ የሚጀምረው ሞገዱ የተለያየ ቦታ ላይ ሳለ ነው።

ሲበላሽ፦ መዘግየቱ በመቶዎች ፒኮሰከንድ የሚቆጠር ከሆነ እውነተኛ መዛነፍ ነው ብላችሁ አትቀበሉት። የቻናል ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል። በአንድ ቦታ የተንሸራተተ ቻናል 250 ፒኮሰከንድ፣ በ1466 ሜጋኸርዝ ደግሞ 132 ዲግሪ ያህል ያሳያል።

## ደረጃ 5፦ የጊዜ መዛነፍን ማረም

ሁለት መንገድ አለ። ቺፑ የክሎክ መዘግየትን በኮድ የሚቀይር ከሆነ መጀመሪያ እሱን ተጠቀሙ። የሚተርፈውን በዲጂታል ጨርሱ።

በክሎኩ መንገድ

1. የአንዱን ቻናል የመዘግየት ኮድ በጥቂት እርከን ቀይሩ።
2. ደረጃ 4ን ድገሙ። መዘግየቱ ስንት ፌምቶሰከንድ ተንቀሳቀሰ? በእርከኑ ብዛት አካፍሉት።
3. ለእያንዳንዱ ቻናል ለየብቻ ለኩ። እርከኖቹ እኩል ናቸው ብላችሁ አትገምቱ።
4. የሚያስፈልገውን ኮድ አስሉና ጫኑ፤ እንደገና ለኩ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይበቃል።

ሁሉንም ቻናል ረጅም መዘግየት ላይ አታስቀምጡ። ረዘም ያለ የመዘግየት መስመር የራሱን ጂተር (የሳምፕሉ ቅጽበት በዘፈቀደ መንቀጥቀጥ) ይጨምራል፤ ጂተር ደግሞ በምንም ካሊብሬሽን አይመለስም።

በዲጂታል መንገድ

ሐሳቡ ቀላል ነው። ዘግይቶ የተወሰደ ሳምፕል፣ በትክክለኛው ሰዓት ከነበረው ዋጋ የሚለየው በሲግናሉ የለውጥ ፍጥነት እና በመዘግየቱ ብዜት ያህል ነው። ስለዚህ ያንን ቀንሱለት፦ የታረመ = ሳምፕል − (መዘግየት ÷ 250 ፒኮሰከንድ) × የለውጥ ፍጥነት። ለቻናል 1 ማባዣው 1.80 ÷ 250 = 0.0072 ነው።

የለውጥ ፍጥነቱን ባለ 21 ነጥብ ፊልተር ያወጣዋል። መሐሉ 0 ነው። ከፊት ላሉት ሳምፕሎች በርቀታቸው ቅደም ተከተል +1፣ −1/2፣ +1/3፣ −1/4 እያላችሁ እስከ 10ኛው ሂዱ። ከኋላ ላሉት ያንኑ በተቃራኒ ምልክት። ከዚያ ሁሉንም በሃሚንግ ዊንዶ አባዙ። ዊንዶውን ከዘለላችሁት ፊልተሩ ይወዛወዛል።

ፊልተሩ የሚሠራው በአራቱ ቻናል አንድ ላይ በተደረደረው ዳታ ላይ ነው። የአንዱን ቻናል ሳምፕል ብቻ ብትሰጡት 1466 ሜጋኸርዙን እንደታጠፈ ያየዋል፤ ውጤቱም ዋጋ የለውም። ፊልተሩ 10 ሳምፕል ስለሚያዘገይ ዋናውንም ሳምፕል በ10 አዘግዩት። ይህን መርሳት ማስተካከያውን ከናካቴው ሌላ ሳምፕል ላይ ይጭነዋል።

ሁለት ገደብ አለው። አንደኛ፣ ከ1600 ሜጋኸርዝ አካባቢ በላይ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል፤ ወደ 2000 መጠጋት ካስፈለገ ነጥቦቹን አብዙ። ሁለተኛ፣ ይህ አራሚ ለትንሽ መዛነፍ ብቻ ነው። በ1466 ሜጋኸርዝ 1.8 ፒኮሰከንድ ሲሆን የሚቀረው ስህተት −77 ዲቢ ገደማ ነው፤ ጥሩ ነው። 5 ፒኮሰከንድ ሲሆን ግን −59 ዲቢ አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ትልቁን መዛነፍ በክሎኩ ቀንሱ፣ ትንሹን ለፊልተሩ ተዉለት። የክሎክ ማስተካከያ ከሌላችሁ ለእያንዳንዱ ቻናል የራሱ የክፍልፋይ መዘግየት ፊልተር ሥሩ።

ሲበላሽ፦ ስፐሩ በ6 ዲቢ ከፍ ካለ ደስ ይበላችሁ፤ ስህተቱ ተገኝቷል። ምልክቱ ተገልብጦ መዛነፉን እጥፍ አደረጋችሁት ማለት ነው። ምልክቱን ቀይሩ። ስፐሩ በጭራሽ ካልተነቃነቀ ማባዣዎቹ አልተጫኑም። ወደ ግማሽ ብቻ ከወረደ በፒኮሰከንድና በሳምፕል መካከል ያለውን የመለኪያ ቅየራ ፈትሹ።

## ደረጃ 6፦ ባንድዊድዝ

አሁን ጄኔሬተሩን በተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች አስኪዱ። ሁልጊዜ ጎዶሎ ዑደት ምረጡ። በእያንዳንዱ ላይ የየቻናሉን ከፍታና ፌዝ ከአማካዩ ጋር አወዳድሩና ግራፍ ሥሩ።

ንጹሕ የጊዜ መዛነፍ በዜሮ የሚያልፍ ቀጥ ያለ የፌዝ መስመር ነው። መስመሩ ከጎበጠ፣ ከፍታውም ከፍሪኩዌንሲው ጋር ከተንሸራተተ፣ የባንድዊድዝ ልዩነት አለ።

መጠኑን ለመገመት አንድ ምሳሌ። የቻናሎቹ የግቤት ሰርኪዩት ባለ አንድ ፖል (እንደ አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ፊልተር ያለ)፣ ባንድዊድዙ 4 ጊጋኸርዝ፣ በሁለት ቻናሎች መካከል ያለው ልዩነት 1 በመቶ ይሁን። በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ይህ 0.40 ፒኮሰከንድ መዘግየት መስሎ ይታያል። በ1466 ሜጋኸርዝ ግን 0.35 ይሆናል፤ በተጨማሪም ወደ 0.12 በመቶ የጌይን ልዩነት ያመጣል። የ0.03 በመቶ ግብ ላስቀመጠ ሰው ይህ ትልቅ ነው። አንድ ማባዣና አንድ መዘግየት ሁለቱንም ጫፍ ሊያስደስቱ የማይችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሲግናላችሁ ጠባብ ባንድ ከሆነ አትድከሙ። ጌይኑንና ጊዜውን በዚያው ባንድ መሐል ለክታችሁ አርሙ፤ ያበቃል። ለሰፊ ባንድ ግን ለእያንዳንዱ ቻናል ከለካችሁት ከፍታና ፌዝ ተነስታችሁ አጭር ፊልተር ንደፉ፤ የለውጥ ፍጥነት ፊልተሩንም ይተካል።

## ደረጃ 7፦ ባልለካችሁበት ቦታ ፈትሹ

ካሊብሬት ባደረጋችሁበት ፍሪኩዌንሲ ስፐር መጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። መጥፋቱ የግድ ነው፤ ቁጥሩን የወሰዳችሁት ከዚያው ነው።

1. እስካሁን ለማረም ያልተጠቀማችሁበትን 732.666 ሜጋኸርዝ አስገቡ። ደረጃ 6 ላይ ተጠቅማችሁበት ከሆነ ሌላ ጎዶሎ ዑደት ምረጡ።
2. በ267.33፣ 1267.33 እና 1732.67 ሜጋኸርዝ ያሉትን ስፐሮች ደረጃ 1 ላይ ከመዘገባችሁት ጋር አወዳድሩ።
3. ሲግናሉን 20 ዲቢ ቀንሱና ድገሙ። 1000 እና 2000 ሜጋኸርዝ ላይ ያለው ከፍ ብሎ ከታየ ኦፍሴቱ ገና ነው።
4. ቦርዱን አጥፉና አብሩ፤ ያንኑ ማባዣ ጭናችሁ እንደገና ለኩ።
5. የቦርዱን ሙቀት ለውጡና ለኩ።

አምስተኛው ላይ ስፐሩ ከተነሳ አትደንግጡ፤ የሚጠበቅ ነው። በጥቂት ሙቀቶች ለክታችሁ ሰንጠረዥ ያዙ። ቦርዱ የሙቀት መለኪያውን አንብቦ ተገቢውን መስመር ይጫን።

## ሥራ ሳይቆም ማረም ካስፈለገ

መሣሪያው ቆሞ ሳይን ሞገድ የሚቀበልበት ዕድል ከሌለው፣ በራሱ ሲግናል ላይ እየተመለከተ የሚያርም ስልት ያስፈልጋል። ኦፍሴቱን ከቻናሎቹ ረጅም አማካይ፣ ጌይኑን ከስኩዌራቸው አማካይ፣ ጊዜውን ከጎረቤት ቻናሎች ዝምድና ይገምታል። ማባዣዎቹን ግን ከባዶ አታስጀምሯቸው፤ ከላይ ያገኛችኋቸውን መነሻ አድርጉ።

ሦስት ነገር ጠብቁ። ሲግናል ከሌለ ወይም በጣም ካነሰ ግምቱን አቁሙ፤ አለበለዚያ ጌይኑና ጊዜው በኖይዝ ይነዳሉ። ሲግናሉ ልክ በ1000 ወይም በ2000 ሜጋኸርዝ ላይ ይዘት ካለው፣ የኦፍሴት አራሚው እሱን ኦፍሴት ነው ብሎ ይሰርዘዋል። እውነተኛ ሲግናል ነው የሚጠፋው፤ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። እዚያ ቦታ ሲግናል የሚጠበቅ ከሆነ ግቤቱን በዘፈቀደ +1 እና −1 የሚያባዛ ቾፐር ያለው ቺፕ ምረጡ። ሦስተኛ፣ የማስተካከያውን እርምጃ ትንሽ አድርጉ። የሚቸኩል አራሚ ማባዣዎቹን ራሱ እያወዛወዘ አዲስ ስፐር ይፈጥራል።

የመጨረሻዎቹን ማባዣዎች ስታስቀምጡ የቦርዱን መለያ ቁጥር፣ ሙቀቱን፣ የለካችሁበትን ፍሪኩዌንሲና የምልክቱን ትርጉም አብራችሁ ጻፉ። «ፕላስ ማለት ዘግይቷል» የምትለዋን አንዲት መስመር አትዝለሏት። ከስድስት ወር በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሰው የሚፈልገው እሷን ነው።